ያልተገፋ መዝጊያ

መሬት መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። ከቀበሌያችን እስከ መካነ ሰላም የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ በዚህ ወር ስመላለስ ሦስተኛዬ ነው። ከጎኔ አንዲት ልጅ ኮምፒውተር ታቅፋ ደረቅ ዳቦ ትገምጣለች። ሩፋይዳ ትባላለች፤ ከደሴ የመጣች ባለሙያ ነች። ዓይኗ ከኔ ጉልበት የባሰ ደክሟል።

«አሰላሙ አለይኩም እናቴ። ለማስጻፍ ከሆነ የመጡት፣ እስከ ሐሙስ መዝገቡ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ስሜ መኖሩን ለማየት ነው የመጣሁት። ማን ከለከለ?»

«እኔ ነኝ። መዝገቡን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ እየገለበጥኩ ነው። በመሀል ሰው ከጻፈበት፣ አንዱ ሌላ፣ ሌላው ሌላ ይናገራል። ለዚህ ብዬ ንባብ ብቻ አደረግኩት። አሁን ዳቦዬን ስጨርስ ልሞክረው ነው።»

«እንዴት ያለ ሙከራ?»

«ልጽፍበት እታገላለሁ። እምቢ ካለኝ መልካም።»

ደሜ ፈላ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ አህመዲን የወንዝ ዳሯን ማሳዬን «የኔ ናት» እያለ ይዝትብኛል። እኔን ያቆመኝ መዝገቡ ላይ ያለው ስሜ ብቻ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዘግቻለሁ ብለሽ መልሰሽ ልትሰብሪው? እኛ ጎተራ መርገን ከዘጋን እስከ ክረምት አንነካውም።»

«አይጥ ቀዳዳ አግኝታ ቢሆንስ?»

«ሲከፈት ይታያላ!»

«ያኔ እህሉስ እናቴ?»

አምና አንድ ጎተራ ገብስ ያጣሁት እንዲያ ሆኖ ነው። ግን ለልጅ ቶሎ እጅ መስጠት አልወድም።

«ቢሆንም በኔ ስም እንዳትሞክሪ።»

«ወላሂ በማንም ስም አልሞክርም። ከመዝጋቴ በፊት የሌለ ሰው ጽፌያለሁ፤ ስሙ ‹ሙከራ› ነው። መሬት የለው፣ ወራሽ የለው።»

«ከሳሽም የለው። ታድሎ!»

ሳቀች። ተከትያት ገባሁ። መጀመሪያ ቁልፍ በምትለው በጸሐፊዎቹ የይለፍ ቃል ገብታ የዚያን የሌለ ሰው ስም ልትለውጥ ሞከረች። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።

«ይኸው፤ በቃ ሂጂና አረፍ በይ» አልኳት።

«ገና ነው። በኃላፊውም ቁልፍ ልየው።»

ኃላፊው አቶ ሙሐሲን አጠገባችን ቆመዋል። «የኔስ ይቅር። እኔ እንደሆንኩ አልነካውም» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

«አውቃለሁ ጋሼ። የምሞክረው መዝጊያውን ነው፤ እርስዎን አይደለም።»

ጻፈች። ስሙ ተለወጠ! ያ የተዘጋው መዝገብ እሺ ብሎ ተቀበላት።

«ተዘግቷል አላልሽም?» አልኳት።

ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «ለጸሐፊዎቹ ተዘግቷል። ትልቅ ቁልፍ የያዘ ግን ያልፋል። እሱን የሚይዝ ሁለተኛ መዝጊያ አለ፤ ደክሞኝ ዘነጋሁት።»

እሱንም ዘጋችው። በጸሐፊ፣ በኃላፊ፣ በራሷም ቁልፍ ሞከረች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አብርታ ደግማ ሞከረች። ሁሉንም እምቢ አለ።

«አሁን ደግሞ መነበቡን እንይ። ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ሀጀራ ሰዒድ።»

ማሳዬ ከነአዋሳኟ ወጣች፤ በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ መስጊዱ። ፊደል ብዙም አልቆጠርኩም፤ የስሜን «ሀ» ግን ለየኋት። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሐሙስ ስመለስ አቶ ሙሐሲን እየሳቁ ተቀበሉኝ። ለካ ረቡዕ አህመዲን ሽማግሌ አስከትሎ መጥቶ «የማሳዋ ስም በኔ ይስተካከልልኝ፤ አንቱ ካሉ ይሆናል» ብሏቸዋል።

«‹ለኔም እምቢ ይለኛል› አልኩት፤ እፊቱ ሞክሬ አሳየሁት» አሉኝ። «ዕድሜ ለልጅቱ፤ ከሽማግሌ ጋር ሳልጨቃጨቅ ዋልኩ።»

ለኔ ብጤ ደረቅ ሰው የምለው ይህን ነው። መዝጊያ ሲሞከር ማንም አይታማበትም። የተሞከረ እንደሆነ ባለመሬቱ እንቅልፉን ይተኛል፤ ሹሙም ከይሉኝታ ያርፋል።

ቤቴ ስገባ ደክሞኝ ነበር። ቢሆንም በቀደም የመረግኩትን ጎተራ ዙሪያውን በቡጢ መታሁት። ከታች በኩል ጭቃው ረገፈ፤ ቀዳዳው አውራ ጣቴን ያስገባል። ውሃ ቀዳሁ፣ ጭቃ አቦካሁ፣ ደግሜ መረግኩት። ሲደርቅ ደግሞ መታሁት።