ትበጠስ ዘንድ የታሰረች ሲባጎ

ኅዳር ሲገባ ጣና ማለዳ ማለዳ እንቅልፍ ይጫነዋል። ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሣ፣ ደንገሉ ሳይወዛወዝ፣ ደሴቶቹም ከውሃ ይብቀሉ ከሰማይ ይንጠልጠሉ ሳይለይ ረፋድ ይሆናል። በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. እንዲህ ባለ አንድ ማለዳ፣ ካፒቴን መርስዔ ኀዘን በዓሣ አጥማጆች ማኅበር የሞተር ጀልባ ውስጥ ጋደም ብለው፣ የሚገምዱትን ገመድ እንደ ያዙ ሸለብ አደረጋቸው። በሕልማቸውም አንድ ነጭ ክንፍ በባሕር ዳር ሰማይ ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ አዩ። ድምፅ አልነበረውም፤ ጥላው ብቻ በውሃው ላይ ይሄድ ነበር። ነቅተው ዓይናቸውን ቢያሹ ክንፉ አልጠፋም። ዳር ላይ፣ ከዋርካው ሥር፣ አንዲት ወጣት በሣሩ ላይ ዘርግታው ዙሪያውን እየዞረች ትነካካዋለች።

«ሰው ነሽ ወይስ ሕልሜ ነሽ?» አሉ ካፒቴኑ ከጀልባቸው ሳይወርዱ።

ወጣቷ ዘወር ብላ አየቻቸውና እየሮጠች መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። «አባባ! የክርስትና ልጅዎን ረሷት እንዴ?»

ፀሐይወርቅ አንዳርጋቸው ነበረች፤ የካፒቴኑ ሚስት ክርስትና አንሥተዋት የእሳቸውም ልጅ ሆና ያደገች። ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ስትሄድ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን የኮሌጅ የስፖርት መምህርት ሆና ተመልሳለች። ካፒቴኑ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። አባቷ የልብ ጓደኛቸው ነበር። ጣና ከወሰደው ወዲህ ይህችን ልጅ ባዩ ቁጥር አደራው እንደ አዲስ ይከብዳቸዋል።

«ለመሆኑ ይህ የዘረጋሽው ምንድን ነው?»

«የመብረሪያ ክንፍ ነው አባባ። ሞተር የለውም። ሰው ከሥሩ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይበርበታል። በተማርሁበት አገር ከተራራ ላይ እየሮጡ ይነሡበታል።»

«ታዲያ ቤዛዊት ተራራ አለልሽ አይደል?»

«ቤዛዊት ላይማ ቤተ መንግሥት አለ፤ ማን ያስጠጋኛል? የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ፈቃዱን ሲሰጡኝ ‹ጓዲት፣ ይህ ነገር ድንበር ያሻግራል ወይ?› እያሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል። ከሜዳ ለመነሣት ጎታች ያስፈልገኛል። ጀልባ በረጅም ገመድ ሲጎትተኝ እነሣለሁ፤ ከፍ ስል ገመዱን ለቅቄ ብቻዬን እቀራለሁ። ዛሬም የመጣሁት ጎበዝ ጀልባ ነጂ ልፈልግ ነበር።»

የካፒቴኑ ፊት በራ። በባሕር ዳር በዚያ ዘመን የመርስዔ ኀዘን ገመድ ሲባል የማይፈርስ ቃል ማለት ነበር፤ በሠርግ ላይ ሽማግሌዎች ሙሽሮችን «እንደ መርስዔ ኀዘን ገመድ ያጽናችሁ» ብለው የሚመርቁበት ጊዜ ነበር። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ እንዳልሰማ ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ እንጂ፣ ደስታው ለሳምንት ይበቃቸዋል።

«ገመድ ከሆነማ ከባለቤቱ ደጃፍ ደርሰሻል!» አሉ፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ጥቅልም መታ መታ አደረጉት።

ፀሐይወርቅ ገመዱን በአድናቆት አየችና ከኪሷ አንዲት አጭር ሲባጎ አወጣች። «ገመድዎን እንጠቀማለን። ግን በገመድዎና በእኔ መካከል ይህችን እናስራለን።»

ካፒቴኑ ሲባጎዋን በጣታቸው መካከል አሽተው አሽተው ሳቁ። «ይህችማ ግልገልም አታስር።»

«ታስራለች። ክንፉንና እኔን አንድ ላይ ብናንጠለጥልባት ትችለናለች፤ ከዚያ ብዙ ከበለጠ ግን ትበጠሳለች። አሸዋ በጆንያ እየሞላሁ ከዛፍ ላይ አንጠልጥዬ ሞክሬያታለሁ። የመረጥኋት እንድትበጠስ ብዬ ነው።»

«እንድትበጠስ?» ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «አባትሽን ምን እንደ ገደለው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባባ።»

«አታውቂም! አላየሽማ! እኔ በጎታቹ ጀልባ ላይ ነበርሁ። እሱ ከማዶ ከደልጊ እህል በጫነው ተጎታች ጀልባ ላይ ነበር። ማዕበል ተነሣ፤ ገመዱም ተበጠሰ። እጁን አንሥቶ ሲጠራኝ እየሰማሁት ማዕበሉ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ የማይበጠስ ገመድ ልሠራ ምዬ ይኸው ዕድሜዬን ስገምድ ኖርሁ። አንቺ ደግሞ የእሱን ልጅ በክር አንጠልጥል ትዪኛለሽ!»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን ስለሚያውቅ፣ ያዘነው ሰው ሐዘኑ ሳይወጣለት ይጣደፍበታል። ፀሐይወርቅ ግን አልተጣደፈችም። ጉሙ ከደንገሉ ላይ ቀስ እያለ ሲነሣ አብረው አዩ፤ ነጫጭ ዓሣ በል ወፎችም አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«አባባ» አለች በመጨረሻ፣ «አባቴ የነበረው በውሃ ላይ ነው። በውሃ ላይ ላለ ሰው ገመዱ ሕይወቱ ነው። እኔ ግን የምሆነው በአየር ላይ ነው። ክንፉ ወደ ጎን ቢያጋድልና ጀልባው መጎተቱን ቢቀጥል፣ ገመዱ ይብሱን ያጋድለዋል እንጂ አያቃናውም። እጄ ከክንፉ ጋር እየታገለ መልቀቂያውን ሳልደርስበት ብቀርስ? ያን ጊዜ ከገመዱና ከእኔ አንዳችን መሸነፍ አለብን። እኔ እንዳልሸነፍ ነው ሲባጎዋ የምትሸነፍልኝ።»

«ቃሉ ያምራል» አሉ ካፒቴኑ፤ ልባቸው ግን አልቆረጠም።

«ሌላም አለ። ጎታቹ ፊት ፊቱን እንጂ ወደ ኋላ አያይም፤ ስለዚህ እኔን ብቻ የሚያይ፣ ቢላዋ የያዘ ሰው በጀልባው ኋላ ይቀመጣል። መልቀቂያው ገመዱ ተወጥሮ እያለም በአንድ እጅ መከፈቱ አስቀድሞ ይሞከራል። የመንሳፈፊያ ሰደርያና የራስ ቁር ሳላደርግ አልነሣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማንም ይሰረው ማን፣ የሚበርረው ሰው እያንዳንዱን ቋጠሮ በገዛ እጁ ይፈትሻል።»

ካፒቴኑ ቀና አሉ። «የእኔንም?»

«የእርስዎንም።»

«በእኔ ጀልባ ላይ ቋጠሮዬን የፈተሸ ሰው የለም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በልጅነትዎ በደሴቱ ጉባኤ ቤት ሲማሩ፣ የኔታ የጻፉትን ብራና ማን ያርመው ነበር?»

«ሌላ ሰው ነዋ። የጻፈ ዓይን የራሱን ግድፈት መች ያያል?»

«የኔታ ይቀየሙ ነበር?»

«ምን ያስቀይማቸዋል? እንዲያውም ሳይታረም ከቤት አይወጣም ይሉ ነበር።»

«ያን የአባቴን ገመድስ? ያን ቀን ማን ፈተሸው?»

ካፒቴኑ ውሃውን አዩ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «የትልቅ ሰው ሥራ ነበር። ስማቸውን አላነሣም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ማን ደፍሮ ይፈትሻል?» አሉ።

«እንግዲያስ አባቴን የገደለው ገመዱ ብቻ አይደለም አባባ። ይሉኝታም ነው።»

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ፀሐይወርቅ ከደንገልና ከፕላስቲክ ሁለት ትንንሽ ክንፎች ሠራች። የመጀመሪያውን በጠንካራ ገመድ አስረው በጀልባ ጎተቱት። ተነሣ፤ ከፍ አለ፤ ወዲያው ወደ ግራ አጋደለ። ገመዱ መጎተቱን አልተወምና በአፍጢሙ ወርዶ ከውሃው ጋር ተላተመ፤ ደንገሉም ደቀቀ። ሁለተኛው በቀጭን ክር ነበር። እሱም እንደ ፊተኛው አጋደለ፤ ክሩ ግን ተበጠሰ፤ ክንፉም ራሱን አቅንቶ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንሳፈፈ፣ ከደንገሉ ጫፍ ላይ አረፈ።

«አዩት አባባ?»

«አየሁት።»

«ነገ ታዲያ በሲባጎዋ?»

«እሺ።»

በአገራችን ሁለት ዓይነት እሺታ አለ። አንዱ ከልብ ይወጣል፤ ሌላው ነገሩን ለማብረድ ከከንፈር ይወጣል። የካፒቴኑ የኋለኛው ነበር። ዓይናቸው የክሩን ጥቅም አይቷል፤ ጆሯቸው ግን ዛሬም የሚሰማው በማዕበል ውስጥ የሚጠራቸውን ድምፅ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ማሰሩ ለእሳቸው የተተወ ነበርና፣ ሲባጎዋን ከአንድ ሌላ ጠንካራ ክር ጋር ደርበው ገመዱ ላይ አሰሩ። ከላይ በጨርቅ ጠቀለሉት። «የአንዳርጋቸውን ልጅ ጠብቃት» ብለው የሚያውቁትን ሁሉ ቅዱስ ጠሩ። ይህን ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ በዓለም ላይ ስንት ጥፋት የሚሠራው በፍቅር እንደ ሆነ አላሰቡትም።

ፀሐይወርቅ መጣች። የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን ለበሰች፤ ክንፉ እንዳይሰጥም በአየር የተነፉ ሁለት የመኪና ጎማ ካላማዳሪያዎች ከጎንና ከጎኑ አሰረች። አስማማው የተባለው ዓሣ አጥማጅ ቢላዋውን ይዞ በጀልባው ኋላ ተቀመጠ። የማኅበሩ ሰዎችም ሥራቸውን ትተው ዳር ላይ ተሰበሰቡ። ልጅቷ መልቀቂያውን ሞከረች፤ የክንፉን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቷ ሄደችባቸው፤ መጨረሻ ላይ በጨርቅ ከተጠቀለለው ቋጠሮ ደረሰች።

እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል አንዱ «የካፒቴንን ቋጠሮ ልትፈትሽ ነው እንዴ?» አለ፤ ሌላውም ሳቀ። ፀሐይወርቅ ቀና ስትል ዓይኗ ከካፒቴኑ ዓይን ጋር ገጠመ። ሁሉ ሰው እያየ ነው፤ የክርስትና አባቷ ናቸው፤ ሽበታቸው በፀሐይ ያበራል። ጉንጯ ቀላ። እጇም ቀስ ብላ፣ ጨርቁን ሳትነካ፣ ተመለሰች።

ካፒቴኑ ያችን የምትመለስ እጅ አዩ። የሚሹትም ይህንኑ ነበር፤ ግን ደስ አላላቸውም። ትናንት በአፍጢሙ የወረደው ትንሽ ክንፍ ታያቸው፤ ከሥሩም ደንገል ሳይሆን ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። ያችን እጅ የመለሳት የራሳቸው ክብር ነው። ይኸው ክብር ከብዙ ዘመን በፊት በሌላ ሽማግሌ ገመድ ፊት የእሳቸውን እጅ መልሷት ነበር።

«ፈትሺ!» አሉ፤ ድምፃቸው ዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«አባባ፣ ግድ የለም፣ እርስዎ ካሰሩትማ...»

«ፈትሺ አልሁሽ! እኔ ስላሰርሁት ነው የምትፈትሺው!» ከጀልባው ወርደው እስከ ጉልበታቸው በውሃ እየተራመዱ መጡ፤ ጨርቁንም በራሳቸው እጅ ገፈፉ። «ይኸው፣ ደርቤዋለሁ። ደብቄብሽ ነው። አባትሽን የሰጠሁት ውሃ አንቺንም እንዳይወስድብኝ ፈርቼ ነው።»

ፀሐይወርቅ አልተቆጣችም፤ እንባዋ ግን መጣ። የተደረበውን ክር ፈትታ ሲባጎዋን ብቻዋን አሰረች፤ «አሁን ደግሞ እርስዎ የእኔን ይፈትሹልኝ» አለች። ካፒቴኑ አጎንብሰው የልጅቷን ቋጠሮ እንደ ብራና አነበቡት። «ታርሟል» አሉ።

ጀልባዋ ተነሣች። ካፒቴኑ ደንቡ እንደሚለው ፊት ፊታቸውን ያዩ ነበርና የክርስትና ልጃቸውን ስትበርር አላዩአትም። ያዩት ጥላዋን ብቻ ነው። ፀሐይ ከኋላ ስለ ነበረች የክንፉ ጥላ በውሃው ላይ ቀድሟቸው ሲሄድ አዩት፤ ድምፅ የለውም፤ ሕልማቸው ነው። ውሃው ብርሃን ሆኖ፣ ደሴቶቹ በጉም ላይ እየተንሳፈፉ፣ ሞተሩ እንኳ ከሩቅ የሚሰማ መሰላቸው።

ድንገት ነፋስ መጣ። ጥላው በአንድ ጎኑ ጠበበ።

«አጋደለች!» ብሎ አስማማው ጮኸ።

ገመዱ ሲወጠር፣ ጀልባዋም ወደ ኋላ ስትያዝ በእግራቸው ተሰማቸው። አስማማው ቢላዋውን ሳያነሣ፣ ካፒቴኑም ሞተሩን ሳያበርዱ፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ ጧ አለች። ገመዱ ረገበ። በሕይወታቸው እጅግ የሚፈሩት ነገር ይኸው ነበር። ጥላው ግን ቀና አለ፤ ሁለቱም ክንፎቹ ተካከሉ፤ ሰፊ ዙር ዞሮ፣ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ከደንገሉ አጠገብ ውሃው ላይ ተገናኘ።

ሲደርሱ ፀሐይወርቅ በካላማዳሪያዎቹ መካከል ተንሳፍፋ ትስቅ ነበር። ካፒቴኑ ከውሃ ካወጧት በኋላ ገመዱን ጎትተው ጫፉን ፈለጉ። ከጫፉ ላይ የተበጠሰችው ሲባጎ ተንጠልጥላለች። በመዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩአት፤ ከዚያም ሳሟት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በማኅበሩ ጀልባዎች ሥራው ተለወጠ። ወደ ደልጊ የሚጎተት ጭነት ገመዱ በሁለተኛ ሰው ሳይፈተሽ አይነሣም። ከኋላ የሚያይ ሰው፣ እጅ የሚደርስበት ቢላዋ፣ ለእያንዳንዱ ሰው መንሳፈፊያ ግዴታ ሆነ። ያረጀ ገመድ በባለቤቱ ስም ተከብሮ መኖሩ ቀረ፤ በአዲስ ተተካ። ባሎቻቸውን በማዕበል ቀን ዳር ቆመው የሚጠብቁ ሴቶችም ትንሽ እፎይ አሉ። ወጣቶቹም የትልቅ ሰው ሥራ መፈተሽ ትልቁን ሰው መናቅ አለመሆኑን ከራሳቸው ከትልቁ ሰው ተማሩ፤ ካፒቴኑ ቋጠሮዬን ያልፈተሸ በጀልባዬ አይሳፈርም ይሉ ነበርና።

ሲባጎዋን ከመሪያቸው አጠገብ ሰቀሏት። አንድ ቀን ከእንፍራንዝ የመጣ የድሮ ወዳጃቸው አያትና ሊቀልድባቸው ፈልጎ «ካፒቴን፣ የመርስዔ ኀዘን ገመድም ተበጠሰ አሉ?» አላቸው።

ካፒቴኑ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። በዚያ ሰዓት ነጩ ክንፍ ከከተማው በላይ ቀስ እያለ ያልፍ ነበር።

«አዎ» አሉ፣ «ተበጠሰ። ተመስገን።»