አሥራ ስምንት ዓመት ያልዘለለው ባንድ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ የአዳራሹ ባልደረቦቼ፣ ለዛሬው ዝግጅት የያዛችሁትን ልምምድ አቋርጣችሁ የመጣችሁት የሮክ ባንዱ አባላትም ጭምር፤ ይህን ሽኝት ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ ሻማ ስላላበራችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አመሰግናለሁ። ማን እንደከለከላችሁ አላውቅም፤ ግን ከእኔ የተማረ ሰው ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ አዳራሽ የአደጋ መከላከል ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ “ይህን ገመድ እዚህ የጣለው ማነው?” በሚለው ጥያቄዬ ነው። የድምፅ ባለሙያችን አንድ ቀን “ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የራስዎ ጥላ እንዳይጥልዎት የሚፈሩ ሰው ነዎት” ብሎኝ ነበር። አልዋሸም።

ዛሬ መናገር የፈለግኩት ግን ስለ ባንዱ ነው። ባለቤቴ “ሰው ፊት እንዳትዘባርቅ” ብላ አስጠንቅቃኛለች። ይኸው እዚያ ተቀምጣ እያየችኝ ነው። እናንተ የባንዱ ልጆች፣ እወዳችኋለሁ፤ ግን ታሰለቹኛላችሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ልቀጥል።

እንደ ተቆጣጣሪ ከእናንተ የተሻለ የሮክ ባንድ አላየሁም። ሌሎቹ ሲመጡ የደም ግፊት መድኃኒቴን በኪሴ ይዤ ነው የምገባው። አንዱ ጊታር ይወረውራል፣ ሌላው መጋረጃ ላይ ይንጠለጠላል። እናንተ ስትመጡ ወንበር ስቤ ቁጭ ነው። ዘፋኛችን ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቀኝ እጁን ያነሳል፣ ሰባተኛው ላይ ግራውን። ስንት ጊዜ በሰባተኛው ዘፈን ሽንት ቤት ሄጄ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ የእሱ እጅ ሳይወርድ ተመልሻለሁ።

እንደ አድማጭስ? እንደ አድማጭ አንጀቴ አርሯል። አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ሰዉ አብሯችሁ ይዘፍናል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ “ምናለ አንድ ገመድ እንኳ ቢጠልፋቸው” እላለሁ። የአደጋ ተቆጣጣሪ እንዲህ ይመኛል? ተመኝቻለሁ።

ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ ታማ ሦስት ወር ሆስፒታል ስትተኛ፣ አልጋዋ አጠገብ የምንሰማው የእናንተን ዘፈን ነበር። ሐኪሙ በየጠዋቱ አዲስ ነገር ይዞ ይገባል። እናንተ ዘንድ ምንም አዲስ ነገር የለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ሰውን እንዴት እንደሚያሳርፍ ያኔ ገባኝ። ያንን ውለታችሁን አልረሳም። እሷ ድና ቤት ገባች፣ እኔም ወደ መሰልቸቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። ከበሮ መቺው ሳጥኑን ሲከፍት፣ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አየሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። “አይዘለልም። ስፒከር ላይ አይወጣም። ከማይክሮፎኑ ከሁለት እርምጃ በላይ አይራቅም። ያልተለማመዱትን ነገር መሞከር ክልክል ነው።” ከሥሩ ፊርማዬ።

“ይህን ከየት አመጣኸው?” አልኩት።

“እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰጡን፣ ጋሼ? መጀመሪያ እዚህ የተጫወትን ቀን። የትም ብንሄድ መድረክ ከመውጣታችን በፊት እናነበዋለን።”

ክቡራትና ክቡራን፣ ያን ቀን ጣሪያው ያፈስ ነበር። መድረኩ ላይ ውሃ ተኝቷል። ለዚያች ዝግጅት ብቻ ብዬ እየሮጥኩ ጻፍኩት። እናንተን ባልደረቦቼን በየወረቀቱ “ቀን ጻፉበት” እያልኩ ስነዘንዝ የኖርኩት ሰውዬ ቀን ሳልጽፍበት ቀረሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ እየሮጥኩ የጻፍኩት ግን አሥራ ስምንት ዓመት አልፈታ አለ።

አንድ ጋዜጠኛ እናንተን “ድፍረት የሌለው ባንድ” ብሎ ሲጽፍባችሁ “እሰይ፣ ልክ ነው” ብዬ አንብቤያለሁ። ከሁሉ በላይ ያማኋችሁ እኔ፣ አሳሪያችሁም እኔ። ዘፋኛችን፣ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። ስፒከሩ ላይ ወጥተህ ልትዘል ስትል “ውረድ” ያልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ምን አልክ? አሁን ጉልበትህን ያምሃል? እንግዲያው ቀስ ብለህ ውጣ።

ወረቀቱ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ይኸው ፈርሜበታለሁ፣ ቀንም ጽፌበታለሁ። ተተኪዬ፣ ዓይንሽን አታፍጪብኝ። የግራውን ስፒከር ጠዋት ራሴ ፈትሼዋለሁ፤ ሦስት ሰው ይችላል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ትጫወታላችሁ። እኔና ባለቤቴ ትኬት ቆርጠን አራተኛው ረድፍ ላይ እንቀመጣለን። እባካችሁ አንድ የማላውቀውን ነገር ተጫወቱ። ቢበላሽም ይበላሽ። ባለቤቴ የለመድኩት ዘፈን ቀረ ብላ ከተቆጣች እኔ እችላታለሁ።

ባልደረቦቼ፣ እጃችሁ አይዛል፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ መውጫ በራችሁ ፊት ሣጥን የሚቆልል አይጣልባችሁ። እናንተ ደግሞ የእኔ ልጆች፣ በሰላም ውጡ፣ በሰላም ውረዱ። ስትዘሉ ብቻ ወደ እኔ አትዩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠብቃችሁ።