ኳሱን የያዘ ይናገር

ና፣ እዚህ ጋ ቁጭ በል ወንድምዬ። ዛሬስ ሻዩ ትኩስ ነው፤ ምን ታይቷቸው ነው? ትንሿ ልጅህ እንዴት ናት? ጥርስ አወጣች? ጎሽ፣ ትንከስ፤ ጊዜዋ ነው።

ከሰዓት ቢሮ ተጠርተሃል አሉ። የስፌት ክፍሉ አለቃነት ላንተ ነው እየተባለ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ! ደግሞ የሚያነጋግርህ ማን ሆነና? ሥራ አስኪያጃችን እኮ ነው፣ የሰው ልብ ተምሮ የመጣ ሰው። እንደሱ ያለ አዳማጭ ከየት ይገኛል? በሩን እንኳ ዘግቶ አያውቅም። ይኸው፣ አሁንም ክፍት ነው... ይስማ፣ ምን ቸገረኝ? ሰው ሲመሰገን ቢሰማ ምን ክፋት አለው?

እኔ ልጅ ሆኜ ጥጥ ስሸከም የነበረን አለቃ ባለጌ ነበር። ይሳደባል፣ በቀበቶ ይሸነቁጣል፣ ይሄዳል። በቃ። ምን ተሰማህ ያለኝ የለም። አሁን ሳስበው እንዴት ያለ ነገር ቀርቶብኛል!

የዛሬን እይ። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ በክብ ይደረደራል፣ ለስላሳው ኳስ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ኳሱን የያዘ የልቡን ይናገራል። "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል" ይለናል። እውነቱን ነው። ቀረ... ከሱ ራስ መች ወጣ?

ልብስ መተኮሻው ክፍል የነበረችው እህታችን ትዝ ትልሃለች አይደል? የክፍሉ አለቃነት ለእሷ ታስቦ ነበር። ኳሱ ደረሳትና "ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሲበዛ እፈራለሁ" አለች። እንዴት እንዳዳመጣት! አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ... ሶፍትም አቀበላት። ደግሞም አልረሳትም። ስንቱ አለቃ ሰምቶ ይረሳል! እሱ በሳምንቱ ሰው የማይበዛበት ቦታ ፈለገላት፤ ምድር ቤት፣ ቁራጭ ጨርቅ ለቀማ ላይ። "ለጤናሽ ብዬ ነው" ብሏታል። አለቃነቱን የእህቱ ልጅ ተቀበለችላት። እሷ ምንም አትፈራም። ካውያ ነክታ ስለማታውቅ ይሆናል... እኔ ምን አውቃለሁ?

ይህቺው የእህቱ ልጅ ወንድም አላት ሲሉም ሰማሁ። ጎበዝ ልጅ ነው አሉ፣ ሥራ እየፈለገ ነው።

እና ከሰዓት ስትገባ ያ ለስላሳው ወንበር ላይ ያስቀምጥሃል። ውሃ ይቀዳልሃል። "የሚያስጨንቅህን ንገረኝ" ይልሃል። አንተ ደግሞ ምን የሚያስጨንቅ አለህ? ወገብህ ደህና፣ እንቅልፍህ ደህና፣ ቤትህ ደህና። አይደለም እንዴ?... እንዲያ ነው፤ ሳቅ በል።

መቼም እንዲህ ያለውን ሰው መመረቅ ነው። ዕድሜ ይስጠው፣ ልጆቹ ይደጉለት፣ ከዚህም በላይ ወንበር ይስጠው። ብቻ እሱም ሰው ነውና፣ አንድ ቀን ሆድ ብሶት የልቡን የሚያዋየው ሲፈልግ፣ አምላክ ልክ እንደ ራሱ ያለ አዳማጭ አያሳጣው። አሜን በል እንጂ!