ጋሽ ብሎን ከድልድዩ ሲወርድ

እንደምን ዋላችሁ። ማይክራፎኑን ያዘው ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እንግዲህ ቶሎ ካልለቀቅኩት አትቆጡ። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ባለቤቴ እንኳ «ጡረታ የምትወጣው አንተ ነህ እንዴ?» ብላኛለች። ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ትንሽ እንሳቅ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ጋሽ ብሎን እዚህ የተቀጠረ ዕለት እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ታሪኩን የነገረችኝ እዚያ ጥግ የተቀመጠችው የመጋዘን ኃላፊያችን ናት፤ ካጋነንኩ እሷን ጠይቁ። አዲሱ የጥገና ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል ተባለ። ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ የለም። አለቃው «ገና ሳይጀምር ለገመ» ብሎ ቀሪ ጻፈበት። ስድስት ሰዓት ሲል ጋሼ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ በፀሐይ ተጠብሶ ገባ።

«የት ነበርክ?»

«ድልድዩ ላይ። ከባልደረቦቼ ጋር ስተዋወቅ።»

«ባልደረቦችህ እኮ እዚህ ናቸው።»

«እዚያ ያሉት ይበዛሉ» አለ። ለካ በሁለቱም መደገፊያ ላይ የተጻፉትን አራት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች አንድ በአንድ አንብቦ ነው የመጣው። ሥራው ላይ እየዋለ ቀሪ የተባለ ሰው በዚህ መሥሪያ ቤት እሱ ብቻ ነው። ሥራው ላይ ሳይኖሩ አሉ የሚባሉትን ዛሬ አንነካካቸውም።

ለእንግዶች ልንገር። ድልድያችን የመታሰቢያ ድልድይ ነው። በቀኝ መደገፊያው ላይ አገር ያገለገሉ ወታደሮች፣ በግራው ደግሞ ሥራ ላይ እያሉ ያለፉ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ፤ እሳት አጥፊው፣ ነርሷ፣ ፖስተኛው፣ ቧንቧ ጠጋኙ። ስማቸው ሁለት ሁለት እየሆነ በነሐስ ሰሌዳ ተጽፏል። መኪናው በመሃል ይከንፋል፣ ብዙው ሰው ቀና ብሎም አያያቸውም። ጋሼ ግን መደገፊያው ላይ ክንዱን የጣለ ሰው ካየ ከኋላ ይደርስና «ወንድሜ፣ ሰው ላይ ተደግፈሃል» ይላል። አንድ ቀን ፍቅረኛውን አቅፎ የቆመ ወጣት እንዲህ ሲባል ደንግጦ እጁን ሰበሰበና «ይቅርታ አባባ፣ አባቷ ነዎት?» አለው።

ቅጽል ስሙን ያወጣንለት በየጠዋቱ በትንሿ መዶሻ ብሎኖቹን ኳ፣ ኳ እያደረገ ጆሮውን ስለሚያስጠጋ ነው። «ምን አለህ?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «ደህና ነኝ አለኝ፤ ያኛው ግን አኩርፏል» አለኝና መፍቻ አቀበልኩት። የጥበቃችን ልጅ የተዳረች ጊዜ ሙሽሮቹ መድረክ ሊወጡ ሲሉ ጋሼ ከነሙሉ ልብሱ ከመድረኩ ሥር ተንፏቆ ወጣ። «አንድ ብሎን ይጎድለዋል፤ ሙሽራዋ ቀስ ብላ ትቁም» አለ። ምስኪን፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብላ ቆመች።

አሁን እንኳ ያ ከባድ መኪና በድልድዩ ሲያልፍ ጠረጴዛው ተንቀጨቀጨ። እኛ ብርጭቆአችንን ያዝን፤ እሱ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጋሼ፣ እየቆጠርኩህ ነው፣ ይሄ አራተኛህ ነው። ከነገ ጀምሮ ድልድዩን የማዳምጠው እኔ ነኝ ተብሏል። እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ልናገር፤ ውሃ አቀብሉኝማ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። የሙከራ ጊዜዬን ልጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። እንደምታውቁት ሰሌዳዎቹ በየዓመቱ ከመታሰቢያው ቀን በፊት ተፈትተው፣ ተወልውለው ይመለሳሉ። ሁሉም እኩል ናቸው፣ የብሎን ቀዳዳቸውም አንድ ነው፤ ከጀርባቸው በጠመኔ የተጻፈው ቁጥር ነው የሚለያቸው። ዝናብ መጣና የሁለቱን ቁጥር አጠበው። ጋሼ «ቁጥሩን አትመን፣ ስሙን ከመዝገቡ ጋር አስተያይ» ብሎ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ቸኮልኩ። ቀዳዳው ገጠመ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ፣ በመታሰቢያው ቀን፣ የሙዚቃ ባንዱ ተሰልፎ፣ ባለሥልጣናቱ ተደርድረው፣ አንዲት እናት አበባ ይዘው ወደ ልጃቸው ሰሌዳ ሄዱ። ልጃቸው ወታደር ነበር። በየዓመቱ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ ያለው የነርስና የፖስተኛ ስም ነው። ወደፊት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ። በመጨረሻ መፍቻ ወደያዝኩት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄን የት ወሰዳችሁት?» አሉኝ። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የጠየቁኝ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ክንዳቸውን ይዞ ወደ ግራው መደገፊያ ያሻገራቸው ጋሼ ነው። «ይኸውና እማማ፣ ለአንድ ቀን እንግድነት ሄዶ ነው» አላቸው። እማማ ፈገግ አሉ።

ከሰዓት በኋላ የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሰበሰበን። «ማነው የገጠመው?» አለ። ጋሼ «እኔ ነኝ» አለ። በቃ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ የክፍል ኃላፊ እንዲሆን ተልኮ የነበረው ስሙም ተመለሰ። ውጭ ተከትዬው ወጣሁ።

«ለምን?»

«አንተን ያባርሩሃል፣ እኔን ይቆጡኛል። ልዩነቱ አይታይህም?»

«እና እኔ አሁን ምን ላድርግ?»

«ሥራህን ልመድ። በየጠዋቱ ስሞቹን ጮክ ብለህ አንብብ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔዋ እውነት ሰባት ዓመት አደረች። እናንተ በሻይ ሰዓት «ሰሌዳ ያቀያየረው ሽማግሌ» እያላችሁ ስትቀልዱበት አብሬ ስቄያለሁ። እሱም አብሮን ይስቃል። እሱ ሲስቅ ማየቱን ነው ያልቻልኩት።

አይ ጋሼ፣ እጅህን አታወዛውዝ። «ተው» ማለትህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልተውም። ነገ ማህደርህ ተዘግቶ መዝገብ ቤት ይወርዳል፣ አንዴ ከወረደ ማንም አይገልጠውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም ሲወለውል የኖረ ሰው፣ በራሱ ስም ላይ የኔን ጥፋት ተሸክሞ አይወጣም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ ያኔ እዚህ አልነበሩም። ይህ በእጄ የጻፍኩት ነው፣ ፊርማዬም አለበት። ማህደሩ የመዝገብ ቤቷ እህታችን ጉልበት ላይ ነው፤ ለምኛት ነው ያመጣችው፣ እሷን አይቆጡብኝ። ማስጠንቀቂያውን ያንሱት አያንሱት እርስዎ ይወስናሉ፤ ብቻ ይህ ወረቀት ሳይያያዝበት አይዘጋ። እባክዎ፣ ይቀበሉኝ። አመሰግናለሁ።

ምን አልክ ጋሼ? ሰማችሁት? አሁንም «ያባርሩሃል እኮ» ነው የሚለኝ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ባለቤቴ ታውቃለች፤ ሂድና ተናገር ያለችኝም እሷ ናት።

እትዬ፣ ባለቤትዎ ያን ማስጠንቀቂያ ይዞ ቤት የገባ ዕለት ምን እንደተሰማዎት አላውቅም። ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ራስዎን የሚነቀንቁት… ያውቁ ነበር ማለት ነው? ከመጀመሪያው? እና ቤታችሁ በመጣሁ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው ለኔ ወንበር ያቀርቡልኝ ነበር። ቆይ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

እሺ። ጋሼ፣ ሥራ አስተምረኸኛል፣ እንጀራዬን አስጠብቀህልኛል፣ ልጄ የተወለደችው ሥራ ባለው አባት ቤት ነው። አመሰግናለሁ ማለት አነሰኝ፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም። ያውም በሰባት ዓመቱ ነው ያልኩህ።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ፤ ሁላችንም እንቁም። አንተ አትነሳ ጋሼ፤ ስለ እኔ አንዴ ቆመሃል፣ ዛሬ እኛ እንቁምልህ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ከእትዬ ጋር ሳትቸኩል የምትበላው ቁርስ ይስጥህ። የልጅ ልጆችህን ወንበር እያንኳኳህ አታስቸግራቸው። እናንተም ከነገ ጀምሮ በሻይ ሰዓት ሰሌዳ ባቀያየረው ሰውዬ መቀለድ ካማራችሁ፣ እኔ ነኝ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ታገኙኛላችሁ። ካላገኛችሁኝም ቀልዱ የኔ ነው። ለጤናህ፣ ጋሼ።