መሐላ ያስቀረ ስልክ

ከቆሰበር ወደ ዳንግላ ልሄድ መናኸሪያ ስደርስ አቶ ወገኔን የሚኒባሳቸውን በር ተደግፈው አገኘኋቸው። ፊታቸው ጠቁሯል። ምነው ብላቸው፣ አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ የአበልጃቸውን የአቶ ይሄነውን ፈረስ ገጭተው እግሩን እንደሰበሩት አወጉኝ። አቶ ይሄነው «መስመርህን ለቀህ ገጨህብኝ» ይላሉ፤ እሳቸው «ዘሎ ገባብኝ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ሰልችቷቸው ነገሩን ለመሐላ ጥለውታል፤ እሑድ አቶ ወገኔ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ሊምሉ ነው። መሐላ የገባበት አበልጅነት ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ስንጫወት ብሥራት የሚባል ወጣት ሾፌር መጣ።

«ጋሼ ወገኔ፣ የዚያን ዕለት ከኋላዎ ነበርሁ። ስልኬ የመኪናዬ የፊት መስታወት ላይ ተሰቅሎ መንገዱን ቀርጾታል። ነገሩ መሐላ ላይ መድረሱን የሰማሁት ዛሬ ከጫግኒ ስመለስ ነው።»

«ወግድልኝ! መሪ ይዤ የሸመገልሁ ሰው ቃሌ በስልክ ሊመዘን ነው? የእኔ ምስክር እግዜር ነው።»

«እግዜርማ ያያል፤ ታዲያ ለፈረስ ብለን ስሙን ለምን እንጥራ? የደነገጠ ዓይን ይሳሳታል። ስልክ ግን አበልጅም የለው፣ ቂምም የለው።»

«በእኔ ላይ ቢመሰክርስ?»

«ይክሳሉ፣ ይታረቃሉ። በሐሰት ከመማል አይሻልም?»

እኔም ዝም ማለት አቃተኝና «እውነት ከያዙ ምን ያስፈራዎታል?» አልኳቸው። ገላመጡኝ፤ ግን መነጽራቸውን አወጡ።

ምስሉ አጭር ነው። ሚኒባሱ ጉድጓድ ሸሽቶ ወደ ግራ ይወጣል። ፈረሱ በግራ ጠርዝ ላይ ቆሟል እንጂ አልዘለለም። አቶ ወገኔ ደግመው አዩት።

«በስመ አብ! ጉድጓዱን ጨርሶ ረስቼዋለሁ እኮ! ልጄ፣ በሙሉ ልቤ ልምል ነበር።» ስልኩን መልሰውለት «የእኔንም እንዲህ ትሰቅልልኛለህ?» አሉት።

«እንዴታ! ዓይንዎን እንዳይከልል ከመስታወቱ ታች ጥግ ላይ እናስረዋለን፤ ቻርጀር ይሰካለታል። ከመነሳትዎ በፊት ያስጀምሩታል፤ እየነዱ ግን አይንኩት። የሰው ገመና ደግሞ በየቴሌግራሙ አይበተንም።»

ልጁ እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ንጹሑን ሾፌር ከክስ ያድነዋል፤ ያጠፋውንም ሳይምል ያርመዋል። «በአባቶቻችን ጊዜ አልነበረም» ለሚለኝ፣ ሚኒባስም አልነበረም እለዋለሁ።

ተሳፋሪው ሞልቶ ተነሳን። አዲስ ቅዳም ስንደርስ አቶ ወገኔ መኪናውን ዳር አቆሙና «ወገኖቼ፣ ትንሽ ታገሡኝ» ብለው ወረዱ። አቶ ይሄነው ከደጃቸው ብቅ ሲሉ አቶ ወገኔ ሰላምታም ሳያስቀድሙ ጎንበስ አሉላቸው።

«አበልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፈረስህን እክሳለሁ።»

አቶ ይሄነው ትከሻቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«እኔን ያመመኝ የፈረሱ ነገር አይደለም» አሉ፤ «ልትምልብኝ መቁረጥህ ነው እንጂ።»