የጋሽ መስመር ሰባተኛ ተማሪ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14። የጠዋቱ ቆጠራ፦ ሰባት ሰዎች። አምስቱ ጋ ጋሽ መስመር ራሱ ደርሷል። ስድስተኛዋን፣ የጥርስ ሐኪሙን ረዳት፣ ሱቅ ሳልከፍት ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። አንድ ቀርቷል። የሒሳብ ፈተናው ቅዳሜ ነው። ቀብሩ ላይ እንድናገር ባለቤቱ ስለለመነችኝ ከሰዓት በኋላ የሚከተለውን ተናገርኩ። እንደወጣልኝ ነው የጻፍኩት።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እትዬ፣ ልጆቹ፣ ሥራችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የመንገዳችን ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። አካፋ የያዛችሁት ወንድሞቼ፣ ጥቂት ታገሡኝ። አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል። ወዲያ ወዲህ ስል ካያችሁኝ እንዳትታዘቡኝ። የሚያስቸኩለኝ ነገር አለ፤ እደርስበታለሁ።

ጋሽ መስመር የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነበር። ግማሾቻችሁ ማሽን ተሸክማችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደብተር ይዛችሁ ነው በሩን ያንኳኳችሁት። አስተማሪ ነበር? አልነበረም። ወረቀት ነበረው? አልነበረውም። በወጣትነቱ የአሥረኛ ክፍልን ሒሳብ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከዚያ፣ “ለምን እንደወደቅኩ ሳላውቅ አልሞትም” ብሎ መጽሐፉን ከማሽን ዘይቱ አጠገብ አስቀምጦ ዓመታት አጠናው።

እኔ እንዴት ሄድኩ? እዚህ የቆመችው ልጄ አንድ ቀን ደብተሯን ዘርግታ፣ “እማዬ፣ ይቺን አስረጂኝ” አለችኝ። “ሥራ አለብኝ” አልኳት። ውሸቴን ነበር። አላውቀውም ነበር። በማግሥቱ ደብተሯን በዚፕ ካርቶን ውስጥ ደብቄ፣ ምንም ያልሆነ ማሽን ይዤ ጋሽ መስመር ዘንድ ገባሁ። ማሽኑን ከፈተው። አሽከረከረው። ጆሮውን ደግኖ አዳመጠው።

“ማሽንሽ ጤነኛ ነው” አለ። “አንቺ ምን ሆነሽ ነው?”

(እዚህ ላይ ሳቁ። ልጄም ሳቀች።)

የደብተሩ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሁለት በሦስት አርቢ፣ ሲባዛ ሁለት በአራት አርቢ። አርቢ ማለት ከቁጥሩ ትከሻ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ቁጥር ናት፤ ያ ቁጥር ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ ትናገራለች። እኔ ሁለትና ሁለቱን አባዝቼ፣ ሦስትና አራቱን ደምሬ፣ “አራት በሰባት አርቢ” ብዬ ኮራሁ።

“ዘርዝሪው” አለኝ።

ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያልኩ ሰባት ሁለቶች ጻፍኩ።

“አራት የት አለ?”

“የለም።”

“ታዲያ ከየት አመጣሽው?”

“ከሱቅ!” አልኩት ተናድጄ።

“ሱቅሽ የሌለውን ነገር ነዋ የሚሸጠው” አለ። ላጲስ አውጥቼ ላጠፋው ስል እጄን ያዘኝ። “ተዪው። የተሳሳትሽበትን ካጠፋሽ ነገ ተመልሰሽ እዚያው ትገቢያለሽ። ከሥሩ አዲስ መስመር ጀምሪ።” አንድ እርምጃ፣ አንድ መስመር። ስሙ ከዚያ መጣ። እውነተኛ ስሙን ዛሬ ከሳጥኑ ላይ ያነበባችሁ ብዙ ናችሁ።

የእኛንም ስም አይጠይቅም ነበር። “ስምህን ፈታኙ ይጠይቅህ። እኔ የት ላይ እንደቆምክ ንገረኝ” ይል ነበር። ይህ ጠባዩ ዛሬ ችግር ሆኖብኛል።

ባለፈው እሁድ ሰባት ተማሪዎች እሱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ጋሽ መስመር በአንድ እጁ የማሽን ቀበቶ ይዟል፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሲባዛ ኤክስ ጻፈ፤ ኤክሷ ትከሻ ላይ ኔጋቲቭ ሁለት። “ኔጋቲቭ አርቢ ያለበት ወደ ታች ይወርዳል” አለና ሦስቱንም ኤክሱንም አብሮ አወረዳቸው። ከላይ አንድ ብቻ ቀረ። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ገለበጥን። ሌላ ጊዜ፣ “በኤክስ ቦታ ሁለትን አስገቡና ሞክሩት” ይለን ነበር። የዚያን ዕለት አላለም። ደንበኛው ቸኩሎበት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ በሴቶች ተሞልቷል። ጋሽ መስመር እጁ ዘይት እንደሆነ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በሩ ላይ ሆኖ ጮኸ፦

“አንቺ! የእሁዱ ነገር ስህተት ነው!”

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። “ኧረ ጋሼ፣ ቀስ በል፣ ሰዉ ምን ይለኛል?” አልኩት።

“የፈለገውን ይበል! ሦስቱ አይወርድም! አርቢዋ የኤክስ ብቻ ናት። ሁለትን አስገብቼ አየሁት። ትክክለኛው ሦስት አራተኛ ነው የሚመጣው፤ እኔ የሰጠኋችሁ አንድ አሥራ ሁለተኛ!”

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ነገር አመዛዝናለሁ። “አንድ ጥያቄ ናት፤ እግርህ አብጧል፤ ተዋት” አልኩት። አየኝና፣ “አምነውኝ ነው የጻፉት” አለ። ሄደ። ማክሰኞ እኔን ጨምሮ አራት ሰው አዳረሰ። ረቡዕ አንድ። ወደ ስድስተኛዋ ሲሄድ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሣም።

እትዬ ዛሬ ጠዋት፣ “በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው የሞተብኝ?” ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ፣ አላውቅም። ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም። ሐኪሙ እንዲተኛ ነግሮት ነበር። እኔም ነግሬው ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ ልይዘው እችል ነበር? እችል ነበር። አልያዝኩትም፤ ደንበኛ ነበረኝ።

እንግዲህ የቸኮልኩበት ይኸው ነው። ሰባተኛው ሰው ቀርቷል። እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፣ በሩ አጠገብ ባዶ የማሽን ሳጥን ላይ የተቀመጠ ቀጭን ሰው። ጫማው ላይ ነጭ ቀለም የተፈናጠቀበት። ሲወጣ፣ “ይቺ አራተኛ ፈተናዬ ናት፤ ከዚህ በኋላ አይቀበሉኝም” አለኝ። ስሙን አላውቅም። ቤቱን አላውቅም። ቅዳሜ ስህተታችንን ይዞ ይገባል። ከእናንተ መሐል የሚያውቀው አለ? ለቅሶ ላይ ይህ አይጠየቅም፤ አውቃለሁ። ግን ይህን ሁሉ ሰው ነገ ከየት አገኘዋለሁ? እባካችሁ፣ አስቡ።

(ሰዉ እርስ በርሱ ይጠያየቅ ጀመር። ከዚያ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሹፌር ከኋላ እጁን አወጣ። “ቀጭን፣ እየሄደ የሚያፏጭ?” አለ። “አዎ፣ ሲወጣ ያፏጭ ነበር!” አልኩ። “ቀለም ቀቢው ነው። የሆስፒታሉን አዲስ ሕንፃ እየቀቡ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ነገ ይጨርሳሉ።” እትዬ ከወንበሯ ተነሥታ፣ “ሂጂ፤ እንዳትተዪው” አለችኝ።)

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እትዬ፣ እሄዳለሁ።

ጋሽ መስመር፣ ሰማህ? ተገኘ። እኔም ቅዳሜ እፈተናለሁ፤ ልጄ ይህን አሁን ነው የምትሰማው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ብለው ይሳቁ። ተሳስተህ ዝም ብትል ማንም አያውቅብህም ነበር። ማን ያውቅብህ ነበር? አንተ ግን በበሽተኛ እግርህ የሰው በር አንኳኳህ። በቃ፣ አሁን እግርህን አሳርፈው። የቀረችውን መስመር እኔ እጽፋታለሁ። ደህና ሁን፣ ጋሼ።

ነገ ዓርብ። ሱቁን ልጄ ትክፈት። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ የሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀለም ቀቢው። ሦስቱ ከላይ ይቀራል፣ ኤክሱ ብቻ ይወርዳል። ሁለትን አስገብቶ ይሞክረው።