ጎርፍ የግል ጉዳይ ነው ወይስ የሥራ?

በእኛ ጊዜ ስለ ሥራ የሚመክርህ ሆድህ ነበር። ጠዋት ይጮሃል፣ ትነሳለህ፣ ሞፈርህን ትሸከማለህ፣ አለቀ። አሁን ግን ምን መጣ መሰላችሁ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ አራት ልጅ የወለደ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥና «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ይባላል! አትሳቁ፣ ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት።

የእህቴ ልጅ ሰኢድ ይሠራበት የነበረው ወፍጮ ቤት ተዘጋና ጎብዬ ከተማ አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ እንደሚፈልግ ሰማ። ታዲያ ዝም ብሎ መሄድ የለም፤ መጀመሪያ ቆቦ ሥራ ማገናኛ ቢሮ ገብቶ መመከር አለበት፣ ከዚያ መካሪው የፈረመበትን ወረቀት ይዞ ነው የሚሄድ። «አጎቴ፣ አብረውኝ ይምጡ፣ እኔ ቢሮ ስገባ አፌ ይያዛል» አለኝ። እና ሄድን።

መካሪው ከሩቅ ከተማ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ጫማው ከማብረቅረቁ የተነሳ ጺሜን አበጠርኩበት። ወረቀት አወጣና መሀል ለመሀል አሰመረ። «በዚህ በኩል የግል ጉዳይ፣ በዚህ በኩል የሥራ ጉዳይ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የቤትን ነገር በር ላይ ትቶ ነው የሚገባው» አለ።

«በሩ ላይማ ፍየል ቆማለች፣ ትበላብናለች» አልኩት። አልሳቀም። እናንተ፣ የማይስቅ ሰው እንዴት ሰው ይመክራል?

ሰኢድ ፈራ ተባ እያለ «ባለቤቴ እግሯን ታማለች፣ እርሻውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ፣ የዘበኝነቱ ሰዓት እንዴት...» ሲል፣ «የግል!» አለና ግራ በኩል ጻፈ። «እናቴም ዓይኗ...» «የግል!» ግራው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ሊፈስ ደረሰ፣ ቀኙ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ።

ታዲያ ይሄኔ የሰኢድ ስልክ ጮኸ። ባለቤቱ ዘይነባ ናት፤ እግሯ እንጂ ጉሮሮዋ አልታመመም፣ ዋጃ ድረስ ይሰማል። «አንተ ሰውዬ! ጎርፉ ወረደ! ተራው የኛ ነው፣ ቦዩን ማን ሊከፍተው ነው?»

ሰኢድ ብድግ አለ። መካሪው በመስኮት አየ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ ድንጋይ ትጠብሳለች። «ዝናብ እኮ የለም!» አለ። አይ የተማረ! ዝናቡ የሚጥለው ደጋ፣ ጎርፉ የሚወርደው እኛ ዘንድ። በተራህ ደርሰህ ወደ ማሳህ ካልመራኸው ያልፍሃል፣ ማሽላህ ይደርቃል፣ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ታያለህ። ይህን የቆቦ አህያ እንኳ ታውቀዋለች!

«አሁን ከወጣህ አልፈርምም» አለ መካሪው። «ጎርፍ የግል ጉዳይ ነው።»

ሰኢድ ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንድ በኩል መጋዘኑ፣ አንድ በኩል ማሽላው። «ሂድ! በቦታህ እኔ እቀመጣለሁ» አልኩት። በረረ! ያስነሳው አቧራ ሳይረግፍ ማሳው ደርሷል።

እኔ ወንበሩ ላይ ተደላደልኩና «ቀጥል ልጄ፣ የሱን ጉዳይ ከሱ አብልጬ አውቃለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ ዘመድ በዘመድ ቦታ ይቆማል፤ እርቅ ቢሆን፣ ሽምግልና ቢሆን።

«አይቻልም አባባ፣ የሚመከረው ባለጉዳዩ ራሱ ነው።»

«እኔ ምን አለብኝ፣ እስክትፈርም አልነሳም።»

ቸገረው። «እሺ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱን የት ያየዋል?»

«እሱን እንጃ፣ እኔን ግን ከአፈር በታች ፈልገኝ።»

እስክሪብቶውን ወረወረ። ከዚያ መልሶ አንስቶ «ምክሩን አቋርጦ ወደ ጎርፍ ስለሄደ ለሥራ ትኩረት የለውም» ብሎ ጻፈና ፈረመበት፣ ማኅተሙንም ጠረጴዛው እስኪሰነጠቅ መታበት። እና ሰጠኝ።

በማግስቱ ሰኢድ ጭቃው ከጆሮው ሳይወጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ያችኑ ወረቀት ይዞ ጎብዬ ሄደ። ባለመጋዘኑ ራሱ ገበሬ ነው። አነበበና ቀና አለ። «ጎርፍ ወርዶ ነው ጥለህ የወጣኸው?»

«አዎ።»

«ደረስክለት?»

«ደረስኩለት፣ ማሳው ጠጥቷል።»

«ታዲያ ለራሱ ማሽላ ያልሮጠ ለኔ እህል ሊሮጥ ነው? የውሃ ተራህ ሲደርስ ቀድመህ ንገረኝ፣ ሰው እተካለሁ። ነገ ጀምር።»

ጀመረ፣ አሁንም እዚያው ነው። «መካሪውስ?» ትሉኝ እንደሆን፣ እሱማ ቢሮው ተቀምጦ መስመር ያሰምራል። ሰውን ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ውጭ አቁሞ፣ ግማሹን ሊመክር! ሃ ሃ ሃ! እስቲ አንድ ቀን እንኳ ጎርፍ ይዞት ይሂድ አልልም፣ ጫማውን ግን ያጥብለት።